የከዳ ዕቃ ይሰበራል

የአደኑ ወቅት ካበቃ ሦስት ወር ሆኖታል። በሌላው ዓመት ቢሆን ዕቃ የሚዘረጋው ከተራራው በተወረደ በሳምንቱ ነበር፤ ዘንድሮ ግን የሚጣ ወንድም ከሆስፒታል እስኪወጣ ተጠበቀ። እሱ ወጣ፣ ቀኝ እጁ እዚያው ቀረ። ቅዳሜ ረፋዱ ላይ አጎቷ የመጋዘኑን የቆርቆሮ በር ከፈቱ፣ ትልቁን ጥቁር ሸራ ግቢው መሀል አስዘረጉ፣ ሚጣም ዕቃውን አንድ በአንድ እያወጣች መደርደር ጀመረች።

አጎቷን ሰው ሁሉ የሚያውቃቸው ሻለቃ እያለ ነው። የጦር ሰፈር ደጃፍ ረግጠው አያውቁም፤ ዕድሜያቸውን የገፉት ትራክተር ሲነዱ ነው። ነገር ግን ሲያዙ ድንጋይም ይሰለፍላቸዋል ተብሎ ማዕረጉ ተለጠፈባቸው፣ እሳቸውም አልፋቁትም። ከርከሮ ከተራራው እየወረደ የበቆሎ ማሳ ሲገለብጥ የገበሬዎቹ ማኅበር የሚጠራው የእሳቸውን ቡድን ነው፤ እሳቸውን፣ የሟች ወንድማቸውን ሁለት ልጆችና አንድ ቆዳ ገፋፊ። ቆዳ ገፋፊው ዝምታ ይባላል፣ አፉ ተዘግቶ የታየበት ቀን ስለሌለ። ተኳሹ የሚጣ ታላቅ ወንድም ነበር። ሚጣ ደግሞ ሃያ ስድስት ዓመት ሞልቷትም ሚጣ እንደተባለች የቀረች፣ ሰው ፊት መናገር ሲመጣ ድምጿ ጉሮሮዋ ላይ የሚቆምባት ሴት ናት። ድስቱን ትሸከማለች፣ ታበስላለች፣ ጠመንጃዎቹን ትወለውላለች።

ዕቃ የመዘርጋቱን ሕግ ያወጡት አባቷ ነበሩ። ሁሉም ዕቃ ሸራው ላይ ይወጣል፤ የተጠቀመበት ሰው በሰው ፊት ይመሰክርለታል ወይም ይመሰክርበታል። የረዳው ለከርሞ ይቀመጣል። የከዳው ግን አይጠገንም፣ አይሸጥም፣ ለማንም አይሰጥም፤ የተከዳው ሰው ግንዱ ላይ አስተኝቶ በገዛ እጁ በመዶሻ ያደቀዋል። የከዳ ዕቃ ሁለተኛ ዕድል ካገኘ ሁለተኛ ሰው ይበላል ይሉ ነበር አባቷ።

ወንድሟ ሦስት ወር ሙሉ ሲጠብቅ የኖረው ያን መዶሻ ነው። እሱ ጠመንጃው ከሽፎብኛል ይላል። ሻለቃ ሠላሳ ዓመት ያልከሸፈ ጠመንጃ በአንድ ቀን አይከሽፍም ይላሉ። ከተማው ደግሞ ከሻለቃ ጋር ነው፤ ሰው ደፋር ሲወድቅ ማየት ይወዳል። ወንድሟ ገና የሆስፒታል አልጋ ላይ ሳለ፣ የመስኖ ቦይ ጠባቂው ሻይ ቤት ተቀምጦ ያለው ከጆሮው ደርሶ ነበር፦ ጠመንጃውስ ደህና ነው፣ የከሸፈው ልቡ ነው። ከወጣ በኋላ ደግሞ በሻይ ቤቱ በር ባለፈ ቁጥር አንዱ ከውስጥ በምላሱ «ቀጭ» ያደርጋል፣ ሌላው ይስቃል። ስለዚህ ከቤት መውጣት ተወ። ጠመንጃው የከዳ ዕቃ ተብሎ በሰው ፊት ከተሰበረ ስሙ ይመለስለታል፤ ካልተሰበረ እስከ ዕለተ ሞቱ ፈሪ ነው። ነገሩ ይኸው ነበር።

አምስት ሰዓት ሲሆን ጎረቤቱ ተሰበሰበ። ግማሹ አጥሩ ላይ ተደገፈ፣ ግማሹ ግቢ ገባ፣ ቦይ ጠባቂውም ከማንም ቀድሞ ጥላ ያለበትን ቦታ ያዘ። ወንድሟ ከግንዱ አጠገብ በርጩማ ላይ ተቀምጧል። ቀኙ ከክርኑ ዝቅ ብሎ በፋሻ ተጠቅልሎ ያበቃል፤ ሐኪሙ ቁስሉ ጨርሶ አልገጠመም፣ ተጠንቀቅ ብሎታል። መዶሻውን በግራው ጉልበቱ ላይ አስደግፎ ይዟል።

ዝምታ እንደ ልማዱ የመጀመሪያውን ምስክርነት ነጠቀ። ጫማውን አንስቶ እንደ ሙሽራ አዟዟረው። ስድስት ሳምንት ጭቃ፣ ድንጋይ፣ ወንዝ፣ አንድ ቀን እንኳ እግሬን አልነከሰኝም፣ ከሚስቴ ይሻላል አለ። ሚስቱ አጥሩ ላይ ነበረች። «እንግዲያው ምሳህን ጫማህ ያብላህ» አለችው፣ ግቢው ሳቀ። ድንኳኑ ተመሰከረለት፤ አንዱ ምሰሶ ቢጣመምም የተጣመመበት ምክንያት ነውር አልነበረም። የግንባር ባትሪው ተመሰከረለት። የዝናብ ካፖርቱ ግን እንደ ወንፊት ውኃ አሳልፏልና ሻለቃ ራሳቸው ግንዱ ላይ ዘርግተው በመጥረቢያ ከታተፉት። የጋዝ ምድጃዋ በሁለተኛው ሳምንት ነበልባል ተፍታ የሚጣን ቅንድብ አቃጥላ ነበር። ሚጣ መዶሻውን ከወንድሟ ተቀብላ ሦስት ጊዜ መታቻት፣ ምድጃዋም እንደ ሳንቲም ተደፈጠጠች። መዶሻውን ስትመልስለት ዓይኑን አላየችም።

ከዚያ ሻለቃ ቢላዋቸውን ከአፎቱ መዘዙት፣ ሰውም ወደ ሸራው ተጠጋ። ቢላዋው የሠራውን ሁሉም ሰምቷል፤ ግን ከባለቤቱ አፍ መስማት ሌላ ነው።

ሻለቃ ብዙ አልተናገሩም። በአምስተኛው ሳምንት አምባው ላይ ነበሩ፣ ሣሩ በውርጭ ነጭ ሆኖ ያደረ ጠዋት። ከትናንት በስቲያ ያቆሰሉትን ትልቅ ወንድ ከርከሮ ዱካውን እየተከተሉ ቁጥቋጦ ውስጥ ገቡ። የወንድማቸው ልጅ ከፊት፣ እሳቸውና ዝምታ ከጎን ራቅ ብለው፣ ሚጣ ከነሸክሟ ከኋላ። ከርከሮው ከአሥር እርምጃ ወጣ። ልጁ አነጣጠረ፤ ተኩስ ግን አልተሰማም። ቀጥሎ ያዩት ልጁ ከሥሩ ወድቆ፣ ከርከሮው ሆዱን ሲፈልግ፣ እሱም ሆዱን በቀኝ ክንዱ ሲከልል ነው። ክርኑና አንጓው መካከል ያለው ሥጋ እንደ እርጥብ ጨርቅ ተተረተረ። አጥንቱ ሲሰበር ድምፁ ተሰማ። መተኮስ አልቻሉም፤ ሁለቱ አንድ ላይ ተጠቅልለው ይንከባለሉ ነበር። ስለዚህ ጠመንጃቸውን ጥለው ከርከሮው ጀርባ ላይ ወጡ፣ ከትከሻው ኋላ አራት ጊዜ ወጉት። አምስተኛው ላይ ቢላዋው የጎድን አጥንት መካከል ተቀርቅሮ ቀረ፣ እንስሳውም ልጁ ላይ እንደተኛ ሞተ።

«መያዣው በደም ሲርስ አልሸሸኝም» አሉ ሻለቃ። «ለከርሞ ይቀመጥ።»

ዝምታ ቀበቶውን አነሳ። የወንድሟን ክንድ ከክርኑ በላይ ያሰረው በእሱ ነበር። በዚያች ሰዓት እጁ ሲያስር አፉ ስለ አማቱ ፍየል ያወራ እንደነበር ሚጣ ታስታውሳለች፤ ወንድሟ እንዳይተኛበት ነበር። ገመዱም ተመሰከረለት። በእሱና በድንኳኑ ምሰሶዎች ቃሬዛ ሠርተው አሥራ አንድ ሰዓት ሙሉ ተሸክመውት ወርደዋል፤ በመንገድ ላይ ሁለት ጊዜ ገልብጠውታል፣ ሁለቱንም ጊዜ የጮኸው ሚጣን እየጠራ ነበር እንጂ ከሕመሙ አይደለም፦ አንቺ ሰምተሻል፣ አንቺ ሰምተሻል አይደል?

ሰምታለች። ከኋላው በአሥር እርምጃ ላይ ሆና ሰምታለች፤ ቀጭን ድምፅ፣ ጥፍር ብርጭቆ ሲነካ ያለ። ከዚያ ወንድሟ ማቀባበያውን ሲስብ፣ ያልፈነዳችው ጥይት ተስፈንጥራ ጭቃው ውስጥ ስትገባ፣ ሌላዋ ሳትጎርስ ከርከሮው ሲደርስ አይታለች። ሻለቃ ያዩት ክፍት ጠመንጃ ብቻ ነው፤ ደንግጠህ ደህናዋን ጥይት በገዛ እጅህ አወጣሃት የሚሉትም ለዚህ ነው። ጥይቷ አልተገኘችም። ሰምቻለሁ ብትል የሚቀጥለው ጥያቄ ለምን ከሸፈ ነው፣ የዚያን መልስ ደግሞ ከእሷ በቀር የሚያውቅ አልነበረም።

የጠመንጃ ዘይት ሁለት ቆርቆሮ ያዢ ተብላ ነበር። ሸክም ላቅልል ብላ አንዱን መደርደሪያው ላይ ተወችው። በአራተኛው ሳምንት ዘይቱ አለቀ። ከዚያ ጠዋት በፊት በነበረው ቀን ዝናብ ሲመታቸው ዋለ፣ ጠመንጃዎቹ ረጠቡ፣ እሷም ሻለቃን የምትላቸው አጣች። አጎቷ ለተረሳ ዕቃ ምን እንደሚሉ ታውቃለች። ስለዚህ ከወጥ ቤቱ ሣጥን፣ ከሽንኩርቱ መካከል የምግብ ዘይቱን አወጣች፣ ያን የሚረጋውን፣ ጨርቅ ነክራ ወለወለች፣ ጥይቱን ከኋላ የምትመታው መርፌ ያለችበት ድረስ አፈሰሰች። ለመቆጠብ ስትል ከወንድሟ ጠመንጃ በቀር ሌሎቹን በላይ በላዩ ብቻ አበሰቻቸው። የእሱ ግን የአባቷ ጠመንጃ ነበር፣ አልሰሰተችለትም። በማግስቱ ጠዋት ጠርሙሱ ውስጥ የቀረው ዘይት ነጭ ሆኖ እንደ ሻማ ረግቶ አገኘችው። ሽንኩርት ለመጥበስ እሳት ዳር አስጠግታ አሟሟችው። ይህን በዓይኗ አየች፣ ምንም አልታሰባትም። የታሰባት ያ ቀጭን ድምፅ ሲመጣ ነው።

ወንድሟ ተነሳ። ጠመንጃው ከጠዋት ጀምሮ ጥቁሩ ሸራ ላይ ፀሐይ ሲመታው ውሏል፤ ወንድሟ እስከዚህ ቀን ማንም እንዳይነካው ብሎ ስለነበር ከተራራው እንደወረደ ነው ያለው። በግራው አንስቶ ግንዱ ላይ አስተኛው። ይህ ከድቶኛል አለ። ሌላ ቃል አልጨመረም። ሚጣ በልቧ ስበረው፣ ስበረውና ይለቅ ትል ነበር። ከተሰበረ እሱ ስሙን ያገኛል፣ እሷም ዝም እንዳለች ትኖራለች፣ የሚጎዳው ብረት ብቻ ነው።

ሻለቃ እጃቸውን በጠመንጃው ላይ ጫኑ። የወንድሜ ጠመንጃ ሳይፈተን አይሰበርም አሉ። ሕግ ሕግ ነው፣ ከከዳ እኔ ራሴ ይዤልህ ታደቀዋለህ፤ ካልከዳ ግን ብረት በሰው ኃጢአት አይቀጣም። ወንድሟ ጥቂት አመነታና መዶሻውን ዝቅ አደረገ። በራሱ እውነት ተማምኖ ነበር፣ ይከሽፋል ብሎ ጠበቀ።

አምስት ጥይት አጎረሱት። ግቢው ጀርባ ላይ ለመሠረት ተቆፍሮ የተከመረ አፈር አለ። ሰው ገለል አለ፣ ሚጣ ግን ከሻለቃ ትከሻ ኋላ ቆመች። ብረቱ በፀሐይ ግሎ ስለነበር ሻለቃ ሲይዙት ፊታቸው ተጨማደደ። የመጀመሪያዋ ጥይት ምላጩ ከተሳበ በኋላ የዓይን ጥቅሻ ያህል ዘግይታ ወጣች። ያን ያስተዋለ ሌላ ሰው አልነበረም። የቀሩት አራቱ አንዱ በአንዱ ላይ ተከታትለው አፈሩን በታተኑት።

ሻለቃ ጠመንጃውን አውርደው ወደ ወንድሟ ዞሩ። ክፉ ሰው አይደሉም፤ ድምፃቸው እንኳ ለስለስ ያለ ነበር፣ ነገሩን የባሰ ያደረገውም እሱ ነው። «ልጄ፣ ፍርሃት ለሰው የተፈጠረ ነው። አምነህ ብትቀመጥ ይሻልሃል።»

ቦይ ጠባቂው ከጥላው ተነሳ። አልሳቀም፣ አልተሳደበም፤ በምላሱ አንድ ጊዜ «ቀጭ» አደረገና በሩን ከፍቶ ወጣ። ወሬው ሳይቀዘቅዝበት ሻይ ቤት ሊያደርሰው ነው።

ወንድሟ መዶሻውን ወረወረ። ለጠባቂው ይሁን ለሻለቃ አልታወቀም፤ ግራ እጁ ገና አልሠለጠነችም፣ መዶሻው የመጋዘኑን በር መትቶ ቆርቆሮውን አጎደጎደ። ከዚያ ራሱ መጣ። ሻለቃ ጠመንጃውን ደረታቸው ላይ አግድም ይዘው ሊመልሱት ሞከሩ፣ እሱ ግን በግንባሩ አፍንጫቸውን መታቸው። ደሙ ጢማቸው ላይ ፈሰሰ። በሰደፉ ጎኑን መቱት፣ እሱ ወገባቸውን አቅፎ ተያይዘው ዕቃው ላይ ወደቁ። የድንኳኑ ምሰሶ ከሥራቸው ተሰበረ። ዝምታ ሊገላግል ገብቶ ክርን አፉን አገኘው፣ ጥርሱን በመዳፉ ላይ ተፍቶ እያየው ቀረ። ወንድሟ ጉልበቱን ሻለቃ ደረት ላይ ተክሎ በግራው ጉሮሯቸውን ጨምቋል። የሻለቃ እጅ ሸራው ላይ ሲዳብስ ቢላዋውን አገኘው፣ አፎቱን በአውራ ጣታቸው ገፉት። ሚጣ ስለቱ ብልጭ ሲል አየች።

«ዘይቱ ነው» አለች።

የሰማት የለም። ጠመንጃውን ከመሬት አነሳች፣ ወጉን ስለምታውቅ ሳታየው ፈታችው፣ ማቀባበያውን ነቅላ መርፌዋን አወጣች፣ ሁለቱ መካከል ተንበርክካ ፊታቸው ላይ ያዘችው።

«ዘይቱ ነው። የምግብ ዘይት ቀብቼው ነበር። ወንድሜ አልፈራም፣ ከሽፎበታል፣ ድምፁን ሰምቻለሁ።»

የወንድሟ ጣቶች ላሉ። ሻለቃ እየሳሉ ተቀመጡ፣ መርፌዋን ተቀበሉ፣ አሹት፣ ወደ አፍንጫቸው አስጠጉት፤ አፍንጫቸው ግን ደም ብቻ ነበር። ለዝምታ ሰጡት። ዝምታ ሽንኩርት ሽንኩርት ይላል አለ በጎደለ ጥርሱ። እሷ የቀረውን ነገረቻቸው፤ የተተወውን ቆርቆሮ፣ ዝናቡን፣ ጠዋት እንደ ሻማ የረጋውን ጠርሙስ። ከአጥሩ ላይ የዝምታ ሚስት፣ ያ ዘይትማ በብርድ ድንጋይ ነው፣ እኔ በማንኪያ ነው የምቆፍረው፣ ዛሬ በዚህ ፀሐይ ቀልጦ ነዋ አለች። ወጥ ቤት የገባ ሁሉ የሚያውቀው ነገር ነበር። ሻለቃ ቢላዋውን ወደ አፎቱ መለሱት።

ወንድሟ ቆመ። እሷም ቆመች። ከልጅነቷ ጀምሮ ሲቆጣ የሚያደርገውን ታውቃለች፣ አልሸሸችም። ቀኝ ትከሻው ወደ ኋላ ሄደና በሙሉ ጉልበቱ በጥፊ መታት።

በሌለው እጁ ነበር የመታት። ፋሻው ያበቃበት ጫፍ ጉንጯ አጥንት ላይ አረፈ፣ ስፌቱ ተቀደደ። እሷ ተንገዳግዳ ቆመች፣ የወደቀው እሱ ነው። በጉልበቱ ሸራው ላይ ተደፍቶ ጉቶውን ብብቱ ውስጥ ቀብሮ፣ ከርከሮው ላዩ ላይ ሳለ እንኳ ያላወጣውን ድምፅ አወጣ። ዝምታ ቀበቶውን ይዞ ሮጠ። ሻለቃ መኪናውን ሊያስነሱ ሄዱ። ሚጣ ዓይኗ ውስጥ የገባውን ደም በእጅጌዋ ጠረገች፤ የእሷ አልነበረም።

ቀበቶው ሲጠብቅ ወንድሟ ቀና ብሎ አያት። እዚያው ተንበርክካ ይቅር በለኝ ልትለው አፏን ከፈተች። መዶሻው በር ሥር ወድቆ እንዳለ፣ ያን የከዳ እጅሽን ግንዱ ላይ አድርጊ ቢላት እንደምታደርግ ሁለቱም ያውቁ ነበር።

«እጅሽ ምን ያደርግልኛል» አላት፣ ጥርሱ እየተንገጫገጨ። «የቸገረኝ እጅ አይደለም፣ ስም ነው የጠፋኝ። ሰውየው ሻይ ቤት ደርሷል። ሂጂና ለእኛ የነገርሽንን እዚያ ንገሪ።»

እሷ ሰው ፊት መናገር እንደማትችል የሚያውቅ ሰው ቢኖር እሱ ነው።

ፊቷን ሳትታጠብ ሄደች። መንገዱ ሦስት መቶ እርምጃ አይሞላም። ሻይ ቤቱ ውስጥ ሃያ ያህል ወንዶች ነበሩ፣ ጠባቂው መሀል ቆሞ ሁለት ክንዱን እንደ ጠመንጃ ዘርግቶ አምስቱን ጥይት እየቆጠረላቸው ነው። አራተኛው ላይ አያት፣ ክንዱን አወረደ። ፊቷ ከግንባር እስከ አገጭ ደም ነበር። አሳላፊው ሴትየዋ ተመትታለች አለ፣ አንዱ ወንበር ለቀቀላት። አልተቀመጠችም።

መጀመሪያ የወጣው ድምፅ የእሷ አይመስልም ነበር። ጠመንጃው ከሽፏል አለች። ምክንያቱ እኔ ነኝ። ጠባቂው እኛ እኮ ሲተኩስ አይተናል፣ እህት ለወንድሟ ብትዋሽ ማን ይፈርድባታል አለ፣ ግማሹ ሰው ራሱን ነቀነቀለት። እሷም ስለ ዘይቱ ነገረቻቸው።

«የምን ዘይት?» አለ ከጥግ አንድ ሽማግሌ።

«የሽንኩርት መጥበሻው። የሚረጋው።»

ከዚያ ሽማግሌው በአፍንጫው ፍርፍር አለ፣ ጎረቤቱ ተቀበለው፣ ሳቁ ከጠረጴዛ ወደ ጠረጴዛ ተሸጋገረ። አንዱ ለከርከሮው ቁርስ ልትሠራለት ነበር አለ። ሌላው ጨውስ ጨምረሽበት ነበር ወይ ብሎ ጠየቃት። ጠባቂው እንኳ ትንሽ ታገለና ሳቀ፣ የቆጠራቸውን ጥይቶች ረሳቸው። ሳቁ ሁሉ ወደ እሷ ነበር፤ ስለ ወንድሟ ያወራ አልነበረም። ከዛሬ ጀምሮ በዚህ በር ስታልፍ ሽንኩርት የሚላት እንደሚኖር አወቀች። ሳቁ እስኪያልቅ ጠበቀች። የተጠየቀችውን ሁሉ መለሰች፤ ጨው አልጨመርኩም አለች፣ እነሱም እንደገና ሳቁ።

ሲበርድላቸው ወጣች። ጉንጯ ማበጥ ጀምሮ ነበር፣ በግራ ዓይኗ አታይም። ከመንገዱ ማዶ ሁለተኛው ሻይ ቤት አለ፤ የማኅበሩ ገበሬዎች ቅዳሜ ቅዳሜ የሚቀመጡት እዚያ ነው። አንድ የጭነት መኪና እስኪያልፍ ቆመች፣ ከዚያ ተሻገረች።